የኢንተርኔት ፎቶዎችን በጅምላ ማውረድና ማደራጀት በጎጃም

በጅምላ ማውረድ ማለት በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎችን አንድ በአንድ ከመጫን ይልቅ፣ ለፕሮግራም የአድራሻ ዝርዝር ሰጥቶ በአንድ ጊዜ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነው። በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራና በሞጣ ይህን የሚፈልገው ብዙ ዓይነት ሰው ነው፦ ስልኩ የሞላበት ቤተሰብ፣ የደንበኞቹን አልበም የሚያስቀምጥ ፎቶ ቤት፣ የጣና ገዳማትን የግድግዳ ሥዕል የሚያጠና ተማሪ፣ የብራና ገጾችን የሚያነጻጽር ሊቅ። ፎቶውን ማውረድ ቀላል ነው። በመንገድ ላይ የሚጠፋው መቼ፣ የት፣ በማን እንደተነሣ የሚናገረው መረጃ ነው፤ ያ አንዴ ከጠፋ በኋላ መልሶ ማግኘት ብዙ ጊዜ አይቻልም።

ከየት፣ በምን

ከጎግል ፎቶ የራስን ክምችት ለማውጣት ትክክለኛው መንገድ ጎግል ቴክአውት ነው። ክምችቱን በ1፣ 2፣ 4፣ 10 ወይም 50 ጊጋባይት ጥቅሎች ከፋፍሎ ይሰጣል። ኮኔክሽኑ ለሚቆራረጥበት ሰው 2 ጊጋባይቱ ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ የሚደገመው ያው ብቻ ነው። ሊንኩ የሚቆየው ለሳምንት ያህል ስለሆነ ጥቅሎቹ በተዘጋጁ ቀን መጀመር ይገባል። ከፎቶዎቹ ጎን የሚመጡትን ጄሰን (json) የሚባሉ የጽሑፍ ፋይሎች ብዙ ሰው ቆሻሻ መስሎት ይሰርዛቸዋል። የተነሣበት ቀን፣ ቦታውና መግለጫው የተጻፈው እነሱ ውስጥ ነው።

ከቴሌግራም ለማውረድ የኮምፒውተሩን ቴሌግራም ከፍቶ፣ በግሩፑ ወይም በቻናሉ ላይ ሦስቱን ነጥቦች ነክቶ፣ የውይይቱን ታሪክ ወደ ውጭ የማውጣት ምርጫን መውሰድ ነው። ፎቶ ብቻ ምልክት ይደረግበታል፤ የመጠን ገደቡም ከፍ ይደረጋል። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት፦ በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቋል፣ ካሜራው የጻፈው ኤግዚፍ የሚባለው መረጃም ተፍቋል። እንደ ፋይል የተላከው ግን እንዳለ ይደርሳል። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ ዘመድ የድሮ የቤተሰብ ፎቶ ስካን አድርጎ ሲልክ «እንደ ፋይል ላከው» ማለት በኋላ ከሚደረግ ጥገና ሁሉ ይበልጣል። ከወረደው ፎልደር ውስጥ በስማቸው መጨረሻ «ተምብ» (thumb) የሚል ያለባቸው ፋይሎች ጥቃቅን ቅጂዎች ስለሆኑ መሰረዝ ይቻላል።

ፌስቡክም የራስን መረጃ ለማውረድ ይፈቅዳል። እዚህ ላይ የአማርኛ ተጠቃሚ የሚገጥመው ልዩ ችግር አለ፤ በጄሰን የሚመጣው መግለጫ ፊደሉ ተበላሽቶ እንግዳ ምልክት ይሆናል። በኤችቲኤምኤል፣ ማለትም በድረ ገጽ መልክ ያወረደ ሰው ግን የግእዙን ፊደል ያነበዋል።

ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት ትልልቅ የምስል ክምችቶች አንዱ ዊኪሚዲያ ኮመንስ ነው፤ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ኢምከር የተባለው ፕሮግራም የአንድን ምድብ ምስሎች በሙሉ ያወርዳል። ጋለሪ ዲኤል (gallery-dl) የተባለው ደግሞ ለየምስሉ የመረጃ ፋይል እንዲጽፍና ያወረደውን እየመዘገበ ሁለተኛ እንዳያወርድ ሊታዘዝ ይችላል፤ በትእዛዝ መስመር፣ ማለትም ትእዛዝ እየተጻፈለት ስለሚሠራ መጀመሪያ ያስቸግራል፣ ለትልቅ ሥራ ግን የሚመረጠው እሱ ነው። የአድራሻ ዝርዝር በጽሑፍ ፋይል ለያዘ ሰው ደብሊውጌት (wget) የተባለው ፕሮግራም ይበቃዋል። ኮመንስ ላይ በአድራሻው ውስጥ «ተምብ» የሚል ቃል ካለ የሚወርደው ትንሹ ቅጂ ነው፤ ዋናው ያንን ቃል የለውም።

ፍለጋው በላቲን ፊደል ሲሆን የጎጃም ስሞች ብዙ መልክ አላቸው። ጢስ እሳትን በአንድ አጻጻፍ ብቻ የፈለገ «ብሉ ናይል ፎልስ» በሚል የገቡትን አያገኝም። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና ሞጣም እንዲሁ ቢያንስ ሁለት ሁለት አጻጻፍ አላቸው።

ኔትወርክና መብራት

3,000 ፎቶ እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት ቢሆን 12 ጊጋባይት ነው። በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚሰጥ መስመር ሳይቋረጥ ከ13 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል መጀመሩ ዋጋውን ይቀንሳል፤ መብራት ቢሄድ ከቆመበት የሚቀጥል ፕሮግራም መምረጥ ግን ግዴታ ነው። ደብሊውጌት በትንሿ «ሲ» (-c) ምርጫው ይህን ያደርጋል። በየምስሉ መካከል ሁለት ሦስት ሰከንድ ማሳረፍም ያስፈልጋል፤ ያለ ዕረፍት የሚጠይቅን ኮምፒውተር ፎቶዎቹ ያሉበት ሰርቨር 429 የሚል የስሕተት ቁጥር መልሶ ሊዘጋበት ይችላል። ያኔ አንዳንድ ፕሮግራም የስሕተቱን ገጽ የፎቶ ስም ሰጥቶ ያስቀምጠዋል። ሥራው ሲያልቅ ፋይሎቹን በመጠን ደርድሮ ከ10 ኪሎባይት በታች የሆኑትን ማየት ይህን በአንድ ደቂቃ ያጋልጣል።

ፍላሹ ወይም ሃርድ ዲስኩ ፋት 32 (FAT32) በሚባለው የፋይል አያያዝ የተዘጋጀ (ፎርማት የተደረገ) ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚል መልእክት ባዶ ዲስክ ላይ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ አውጥቶ ይህ ገደብ በሌለበት በኤክስፋት (exFAT) ማዘጋጀት ነው።

ቀን

ከሁሉ የበለጠ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ካሜራና ስልክ በፎቶው ውስጥ የሚጽፉት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው፤ ሰው ደግሞ ፎልደሩን በኢትዮጵያ ዓመት ይሰይማል። «2016 ጥምቀት» የሚል ፎልደር በ2016 እ.ኤ.አ. የተነሣ ነው ወይስ በጥር 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም በጃንዋሪ 2024? ከአሥር ዓመት በኋላ ባለቤቱም አይመልሰውም። ሁለቱን ጎን ለጎን መጻፍ ነው የሚያዋጣው፦ 2024-01-20፣ ጥር 11 ቀን 2016። ዓመቱ ከፊት፣ ወሩ በሁለት አኃዝ ሲጻፍ ኮምፒውተሩ ራሱ በተራ ያስቀምጠዋል። የቴሌግራም ፋይል ስም ከዓመቱ ይልቅ ቀኑን ከፊት ስለሚያደርግ ይህ ተራ አይጠበቅለትም፤ ቀኑም የተላከበት እንጂ የተነሣበት አይደለም። የወር ስሞችን በፊደል ለሚጽፍም ሐምሌ ከመስከረም ይቀድምበታል፤ ከ01 መስከረም እስከ 13 ጳጉሜን ቁጥር መስጠት ያስፈልጋል።

ሰዓቱም አለ። ቴክአውት በጄሰኑ ውስጥ የሚሰጠው ከእኛ ሰዓት ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሆነውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። በጥምቀት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ታቦቱ ባደረበት የተነሣ ፎቶ በዚያ ቆጠራ ገና ከምሽቱ 5 ሰዓት ስለሆነ የከተራ ዕለት ውስጥ ይገባል። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል የመሰለ የቀን ዝግጅት አይነካም፤ የሌሊት ማኅሌትና የሠርግ ፎቶ ግን ይቀያየራል።

ቀኑ ለጢስ እሳት ፎቶ የተለየ ክብደት አለው። ውኃው በ1964 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ በኋላ፣ በተለይም ሁለተኛው ማመንጫ በ2001 እና ጣና በለስ በ2010 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የሚፈሰው መጠን ተለውጧል፤ ክረምቱና በጋውም እጅግ ይለያያሉ። ቀን የሌለው የፏፏቴ ፎቶ ስለ ውኃው ምንም አያስረዳም።

የጠፋውን ቀን ለመመለስ ኤግዚፍቱል የተባለው ነጻ ፕሮግራም ከጄሰኑ ወይም ከፋይሉ ስም አንብቦ ወደ ፎቶው ይጽፋል። መጀመሪያ በ20 ፎቶ ብቻ መሞከር ነው። ፕሮግራሙ ካልተከለከለ በስተቀር የነበረውን ፋይል በሌላ ስም ስለሚያስቀር ዲስኩ በእጥፍ ይሞላል።

ስምና መለያ

ፎልደር በዓመትና በክንውን ይበቃል፤ ሰውን፣ ቦታንና ዓይነቱን በመለያ (ታግ) መያዝ ይሻላል፣ አንድ ፎቶ በብዙ መለያ ስለሚገኝ። ዲጂካም (digiKam) የተባለው የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራና መለያውን በፎቶው ውስጥ የሚጽፍ በመሆኑ ለዚህ ይመረጣል፤ መጻፉን ግን በማስተካከያው ውስጥ ማብራት ያስፈልጋል።

በአማርኛ መለያ የሚሰጥ ሰው አጻጻፉን አስቀድሞ ይወስን። ጎጃም ወይስ ጐጃም፣ ዓባይ ወይስ አባይ፣ ሥዕል ወይስ ስእል? ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ፍለጋ ግን ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። አንድ ገጽ የስም ዝርዝር አትሞ ከኮምፒውተሩ አጠገብ መለጠፍ ብዙ ሰው በሚሠራበት ቢሮ ግርግሩን ያስቀራል። ረጅም የግእዝ ስምም አይመከርም፤ አንድ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የፋይል ስም ከ85 ፊደል ማለፍ አይችልም።

ድግግሞሽ

ቸካውካ (Czkawka) የተባለው ፕሮግራምና ዲጂካም ተመሳሳይ ፎቶዎችን ይፈልጋሉ። ባይት በባይት አንድ የሆኑትን መሰረዝ አያሠጋም። «የሚመሳሰሉ» የሚለው ፍለጋ ግን ለብራና ፎቶ አደገኛ ነው። ባለ ሁለት ዓምድ የግእዝ ገጽ ከሚቀጥለው ገጽ ጋር በጥቅሉ ስለሚመሳሰል ፕሮግራሙ እንደ ድጋሚ ቆጥሮ ሊጠቁመው ይችላል። የዲማ ጊዮርጊስን ወይም የመርጦ ለማርያምን የመሰለ ጥንታዊ ደብር ብራና የሚያደራጅ ሰው ይህን ፍለጋ በዚያ ፎልደር ላይ ጨርሶ ማስነሣት የለበትም፤ የገጹን ቁጥርና ፊትና ጀርባውን በስሙ ላይ ይጻፍ።

መብት

ኢንተርኔት ላይ መገኘቱ የራስ አያደርገውም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የፎቶግራፍ ሥራ ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ ለ25 ዓመት ይጠበቃል። ኮመንስ ላይ ያሉትም አብዛኞቹ የአንሺውን ስም መጥቀስን ይጠይቃሉ፤ ፕሮግራሙ ምስሉን ብቻ ካወረደ ስሙ ቀርቷል ማለት ነው፣ ስለዚህ የመረጃ ፋይሉ አብሮ ይውረድ። የሰው ፊት ያለበትን የቤተሰብ ፎቶ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለሚመለከተው ፎቶ ቤት የደንበኛውን ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ ይኖርበታል። ቅኔ ማኅሌት ውስጥ የተነሣን ምስል ለማሰራጨት የደብሩን አስተዳዳሪ መጠየቅ በጎጃም የቆየ ወግ ነው፤ በጅምላ የሚያወርድም ይህን መጠበቅ አለበት።

የተደራጀው ክምችት በሁለት ዲስክ ይቀመጣል፤ አንደኛው ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሌላ ቤት ይዋል። በየስድስት ወሩ ተሰክቶ ጥቂት ፋይሎች ይከፈቱ፤ ሳይሰካ ዓመታት የቆየ ዲስክ በሚፈለግበት ቀን ላይነሣ ይችላል።