ሴሲል ሄፕወርዝ፦ የእንግሊዝ ፊልም ቀዳሚ ደራሲና አዘጋጅ

ሴሲል ሚልተን ሄፕወርዝ የእንግሊዝ ፊልም ገና በእግሩ ሳይቆም ታሪክ የጻፈለት፣ ካሜራ የያዘለት፣ የተወነለትና ገበያ ያወጣው ሰው ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 1874 ለንደን፣ ላምቤዝ በሚባለው ሰፈር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ በመስታወት ላይ የታተሙ ምስሎችን በፋኖስ ብርሃን መጋረጃ ላይ እያሳዩ ትምህርታዊ ንግግር የሚያደርጉ ዝነኛ ሰው ስለነበሩ፣ ሴሲል ከልጅነቱ ጀምሮ ከመብራትና ከመጋረጃ ሳይለይ አደገ። በ1896 የፊልም ፈር ቀዳጁ በርት ኤከርስ ማርልቦሮ ሀውስ በተባለው የለንደን ቤተ መንግሥት ውስጥ ለንጉሣውያን ቤተሰብ ፊልም ሲያሳይ የመብራቱን ሥራ ያከናወነው ሄፕወርዝ ነበር። በማግስቱ ዓመት ስለ ተንቀሳቃሽ ፎቶግራፍ አንድ መመሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ በብሪታንያ በዘርፉ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው።

በ1899 ከአጎቱ ልጅ ከሞንቲ ዊክስ ጋር ሆኖ በቴምዝ ወንዝ ዳር በምትገኘው በዋልተን ከተማ አንድ መኖሪያ ቤት ተከራየ። ፊልም የሚያጥቡት ቤት ውስጥ፣ የሚቀርጹት ደግሞ ጓሮ ውስጥ በፀሐይ ብርሃን ነበር። በ1900 ከሠራቸው አጫጭር ፊልሞች አንዱ፣ በመኪና መገጨት ምን እንደሚመስል የሚያሳየው፣ ዛሬም ያስደንቃል። አንዲት መኪና ከሩቅ ትመጣለች፤ መንገዷን ትስትና በቀጥታ ወደ ካሜራው ትገሰግሳለች፤ ምስሉ ድንገት ይጨልማል፤ በጥቁሩ ላይ በእጅ የተጻፉ ቃላት ብልጭ ብልጭ ይላሉ። አንድ ደቂቃ የማይሞላው ይህ ሥራ ተመልካቹን ራሱን የአደጋው ሰለባ ያደርገዋል። በ1901 የንግሥት ቪክቶሪያን የቀብር ሥነ ሥርዓት ሲቀርጽ፣ የካሜራው ጩኸት ከፍተኛ ከመሆኑ የተነሣ አዲሱ ንጉሥ ዞር ብለው እንዳዩትና ሰልፉን ለአፍታ እንዳስቆሙለት በግለ ታሪኩ ተርኳል።

በ1903 ከፐርሲ ስቶው ጋር ከሉዊስ ካሮል የልጆች መጽሐፍ ወስዶ ያዘጋጀው «አሊስ በአስደናቂው ምድር» አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ በጊዜው በብሪታንያ ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ ረጅሙ ነበር። ትዕይንቶቹ ጆን ቴኒየል ለመጽሐፉ የሳላቸውን ሥዕሎች እንዲመስሉ ብዙ ተደክሞባቸዋል። አሊስን የተጫወተችው ሜይ ክላርክ የድርጅቱ ሠራተኛ ነበረች፤ የሄፕወርዝ ባለቤት ነጩን ጥንቸልና ንግሥቲቱን ሆና ስትተውን፣ ድመቷም የቤታቸው ድመት ነበረች።

ከሁሉ ይበልጥ ስሙን ያስጠራው በ1905 የወጣው «ሮቨር ያዳናት» የተባለው ፊልም ነው። ታሪኩን የጻፈችው ባለቤቱ ማርጋሬት ናት። አንዲት ለማኝ ሕፃን ልጅ ትሰርቃለች፤ የቤቱ ውሻ በመስኮት ዘሎ፣ ወንዝ ዋኝቶ፣ በር በር እያንኳኳ ሕፃኗን ያገኝና አባትየውን መርቶ ይወስደዋል። አባት ሄፕወርዝ፣ እናት ማርጋሬት፣ ሕፃኗ ልጃቸው ባርባራ፣ ውሻውም የራሳቸው ብሌር ነበሩ። ሥራው የፈጀው 7 ፓውንድ፣ 13 ሺሊንግና 9 ፔንስ ብቻ ሲሆን 395 ቅጂ ተሸጧል። ቅጂ ከማባዛት ብዛት ነጌቲቩ (ቅጂዎቹ የሚባዙበት ዋናው ፊልም) በማለቁ ፊልሙ ሁለት ጊዜ እንደገና ተቀረጸ። አዘጋጁ ሄፕወርዝ ነው የሚሉ ጽሑፎች ቢኖሩም ያዘጋጀው ሌዊን ፊትዛሞን ነው። አሜሪካዊው የፊልም አዘጋጅ ግሪፊዝ ከዚህ ሥራ ተምሯል የሚለው አባባል ምናልባት ማጋነን ሊኖርበት ይችላል፤ ሆኖም ውሻው ከሥፍራ ሥፍራ ሲሮጥ አቅጣጫው ሳይፋለስ ትዕይንቶቹ የተያያዙበት ጥራት ከዘመኑ የቀደመ መሆኑ አያጠራጥርም።

በ1910 ፊልምን ከሸክላ ድምፅ ጋር የሚያቀናጀውን ቪቫፎን የተባለ መሣሪያ አወጣ፤ በ1913 ድርጅቱ «ሐምሌት»ን ሠራ። በድርጅቱ ውስጥ ያደገችው ተዋናይት አልማ ቴይለር በ1915 አንድ የፊልም መጽሔት ባካሄደው የአንባቢዎች ምርጫ ቻርሊ ቻፕሊንን በልጣ አንደኛ ወጣች።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሄፕወርዝ አቅሙን ሳይለካ ተስፋፋ። ከጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የተወሰዱ ሞተሮችን ገዝቶ የኃይል ማመንጫ ቤት አሠራ፤ ሕዝቡ ግን አክሲዮኑን እንደታሰበው አልገዛም። አንዱን ትዕይንት ቀስ አድርጎ እያደበዘዘ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበትን ለስላሳ አሠራሩን በ1923 ባወጣው «በአጃው መካከል» በሚለው ፊልሙ እስከ መጨረሻ ጠበቀ፤ ተመልካቹ ግን ፈጣን ቅንብር ለምዶ ነበር። በ1924 ከሰረ። ንብረቱን የተረከቡት ሰዎች ነጌቲቮቹን ሸጠው ለአውሮፕላን ክንፍ ቀለም መሥሪያ እንዲቀልጡ ስላደረጉ፣ የሃያ አምስት ዓመት ድካም አብዛኛው በአንድ ጊዜ ጠፋ። ይህ በአንድ አገር የፊልም ቅርስ ላይ ከደረሱት ከባድ ጉዳቶች አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ሄፕወርዝ የሌሎችን ፊልሞች ማስታወቂያ እየሠራ ኖረ፤ በ1951 ግለ ታሪኩን አሳትሞ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1953 ግሪንፎርድ ውስጥ አረፈ።

የ«አሊስ» ብቸኛ የታወቀ ቅጂ ክፉኛ ተጎድቶ ቢገኝም፣ የብሪታንያ ፊልም ተቋም በ2010 አድሶ ቀድሞ የነበረውን ቀለም መልሶለታል። በዋልተን የሰርጓጅ መርከብ ሞተሮቹ የቆሙበት ቤትም የከተማዋ ቲያትር ቤት ሆኗል።