የካንሰር ቀዶ ሕክምናና የማገገሚያ ምርምር በጎጃም

ጎጃም ውስጥ ካንሰር ለያዘው ሰው ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ ከዚያ ሪፈር ተጽፎላት ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ትላካለች። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። እብጠቱ ካላመመ ችላ ይባላል፣ ጸበል ይቀደማል፣ አዝመራው እስኪሰበሰብ ይጠበቃል። ጸበልና ሕክምና አይጣሉም፤ የሚጎዳው ጊዜው ማለፉ ነው።

ዕጢውን ማውጣት የቀዶ ሐኪሙ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናትና ዓመታት ግን የነርሷ፣ የአስታማሚው፣ የቤተሰቡም ናቸው። ስለ እነዚህ ቀናት የሚታወቀው አስተማማኝ ነገር የተገኘው በዕጣ ከሚደረጉ ክሊኒካዊ ጥናቶች ነው። ፈቅደው የገቡት ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን የቆየውን፣ ሌላው አዲሱን ሕክምና ያገኛል። ዕጣው የሚያስፈልገው ሐኪሙ ጠንካራ ጠንካራውን መርጦ አዲሱን ሕክምና እንዳይሰጥ ነው። ዕቁብ የገባ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የማገገሚያውን ልማድ ከሥሩ የቀየረው ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬህሌት ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1990ዎቹ የአንጀት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችን ለምን ለብዙ ቀን ምግብ እንከለክላቸዋለን፣ ለምን አልጋ ላይ እናቆያቸዋለን ብሎ ጠየቀ። በዚህ መንገድ የተጀመረው አሠራር ዛሬ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው፤ ጠጣር ምግብ ከማደንዘዣው 6 ሰዓት በፊት ይቆማል፣ ውሃና ወተት የሌለው ሻይ ግን ለማደንዘዣው 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል፤ ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቶሎ ይመገባል፣ ቶሎም ከአልጋው ይነሣል። ማልዶ ሊቀደድ የተቀጠረን ሰው ከማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ እንዳይቀምስ ማድረግ፣ ተራው እስከ ከሰዓት ሲዘገይ ደግሞ በጥም ማቆየት፣ ጥናቱ የማይደግፈው ልማድ ነው።

በጎጃም ከባዱ ክፍል መነሣቱ ነው። ነርሷ በማግሥቱ ጠዋት መጥታ «በይ ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ እስከ በሩ እንሂድ» ስትል፣ ከእግርጌ የተቀመጡት እናት «ኧረ ልጄ፣ ቁስሏ አልጠገገም፣ ትተኛ» ይላሉ። የእናትየው ፍርሃት ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን የተኛ ሰው እግሩ ላይ ደም ይረጋል፣ ሳንባውም ውስጥ አክታ ይጠራቀማል። ስለዚህ አስታማሚዋን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቁጭ አድርጎ ማስረዳት ከሕክምናው ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ምግቡም እንዲሁ ነው። አጥሚት ጥሩ ጅምር ነው፤ ቁስል የሚጠግገው ግን እንቁላል፣ ወተትና ባቄላን በመሰለ ገንቢ ምግብ ነው። ዐቢይ ጾም ላይ የተቀደደ ሰው «ጾሜን አልፈታም» ሲል የንስሐ አባቱን ማነጋገር ይጠቅማል፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ የምትሰጠው ፈቃድ አለና።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ትልቁ ጠላት የቁስል ኢንፌክሽን ነው። ለካንሰር ሕመምተኛ ጉዳቱ ድርብ ነው፤ ቁስሉ ካመረቀዘ ካንሰሩን የሚያጠፋው የኬሞ መድኃኒት ይዘገያል። በ2012 ከፈለገ ሕይወት የወጣ ጥናት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችን ያጠቁት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ከአንድ በላይ መድኃኒት የተላመዱ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ኢንፌክሽኑን አስቀድሞ መከላከል ይሻላል፤ ለዚህም ርካሽ መላ ተገኝቷል። በ2022 የታተመው፣ በሰባት አገሮች ከ13 ሺህ በላይ የሆድ ቀዶ ሕክምና ሕመምተኞችን የያዘው ጥናት ቡድኑ ሆዱን ከመስፋቱ በፊት ጓንቱንና መሣሪያውን ሲቀይር ኢንፌክሽኑ ከ18.9 ወደ 16 በመቶ ዝቅ ማለቱን አረጋግጧል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ውዱ መድኃኒት የተቀባ ክር ከተራው እንደማይበልጥ አሳየ፤ ገንዘብ ላጠረው ሆስፒታል ይህም ትልቅ ዜና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ ጸጉርን በምላጭ መላጨትን ከልክሏል፤ አንቲባዮቲክም ከመቅደድ በፊት ይሰጥ እንጂ ከተሰፋ በኋላ ለመከላከያ ተብሎ አይቀጥል ብሏል።

አንዳንዱ ግኝት ግን ዓባይን ለመሻገር ይቸገራል። አሜሪካዊው በርናርድ ፊሸር የመሩት፣ 1,851 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት በ2002 የ20 ዓመት ውጤቱን አወጣ፤ ዕጢው ብቻ የወጣላቸው ሴቶች ጡታቸው ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠባቸው እኩል ይኖራሉ። ነገር ግን ጨረር (የተረፈውን ካንሰር በማሽን የሚያጠፋ ሕክምና) ካላገኙ ካንሰሩ በዚያው ጡት ላይ በ39 በመቶዎቹ ተመልሷል፤ ጨረር ባገኙት 14 በመቶ ብቻ። ለረጅም ዓመታት በኢትዮጵያ ጨረር የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ መንገዱም የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ነው። ኋላ ጅማና ሐረር ላይ ቢከፈትም ለጎጃም ሰው ከአዲስ አበባ የቀረቡ አይደሉም። የጎጃም ሐኪም ጡቱን በሙሉ ሲያወጣ ጥናቱን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ጨረሩ ስለራቀ ነው። ይህ ሊያሳዝነን፣ ጨረሩም እንዲቀርብ ሊያስጠይቀን ይገባል።

ጡቷና የብብቷ ንፍፊት የወጣላት ሴት ክንዷ ሊያብጥ ይችላል። ድሮ «በዚያ እጅሽ ምንም እንዳታነሺ» ትባል ነበር፤ ውሃ ቀድታ፣ ማገዶ ተሸክማ ለምትኖር የገጠር ሴት ይህ የማይቻል ምክር ነው። በ2009 የወጣ፣ 141 ሴቶችን ለአንድ ዓመት የተከታተለ ጥናት ግን ቀስ በቀስ እየጨመረ የሚሄድ የክብደት ልምምድ እብጠቱን እንደማያብስ አሳየ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግድግዳ ላይ በጣት እየወጡ ክንድን ማንሣት፣ ጸጉርን በራስ እጅ ማበጠር ይበቃል፤ እንስራውና ጀሪካኑ ደረጃ በደረጃ ይመጣል። የአንጀት ካንሰርን በተመለከተ ደግሞ 889 ሰዎች የገቡበት የ2025 ጥናት ለሦስት ዓመት የተመራ የአካል እንቅስቃሴ ዕድሜ እንደሚያረዝም አረጋግጧል፤ በስምንተኛው ዓመት ከእንቅስቃሴው ወገን 90 በመቶ፣ ከሌላው 83 በመቶ በሕይወት ነበሩ።

በኢትዮጵያ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የጡት ካንሰር በሆርሞን የሚያድግ ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ታሞክሲፈን የተባለው እንክብል ለ5 ዓመት በየቀኑ ሲዋጥ በካንሰሩ የመሞትን ዕድል በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ርካሽ ነው፣ ቤት ውስጥ ይዋጣል። ችግሩ ሕመሙ ሲጠፋ እንክብሉም መረሳቱ ነው። በኢትዮጵያ የገጠር ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት የሠለጠኑ ነርሶች ሕመምተኞቹን ሲያስተምሩና ሲከታተሉ እንክብሉን ሳያቋርጡ የሚወስዱት ሴቶች እንደሚበዙ አሳይቷል። ይህን ጎጃም ላይ ለማድረግ አዲስ ሕንጻ አያስፈልግም። ሕመምተኛዋ ከሆስፒታል ስትወጣ ካርዷ ላይ የልጇ ወይም የጎረቤቷ ስልክ፣ ቀበሌዋ፣ ሰፈር የምትታወቅበት ስምና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልክ ይጻፍ፤ የቀጠሮዋ ቀን ሲያልፍም አንድ ሰው ይደውልላት።