ዱላውን አስቀምጡና እንነጋገር፦ ስለ ውሻ ሥልጠናና ስለ ወጣቶች የሚነገሩ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ትርፍ ጊዜ ሳገኝ ከሰፈር ወጣቶች ጋር ጦሳ ተራራ ግርጌ ውሻ እናሠለጥናለን፤ ሥልጠናው ለውሻው ብቻ ሳይሆን ውስጣቸው ለተጨነቀ ወጣቶችም ይረዳል ብለን ነው። ሥራው አያደክመኝም፤ የሚያደክመኝ ቆሞ የሚመለከተው ሰው ነው። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ምክር አለው፣ የሁሉም ምክር ደግሞ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ውሻ ያለ ዱላ አይገባውም!» ስለዚህ ከዚሁ ልጀምር።

«ውሻ ካልተመታ አይማርም»

የተመታ ውሻ በእርግጥ አንድ ነገር ይማራል፤ የሰው እጅ እንደሚያምም። ሌላውን የሚማረው ባደረገው ነገርና ወዲያው ተከትሎ በመጣው ነገር ነው። «ተቀመጥ» ብላችሁት እንደተቀመጠ ቁራሽ ሥጋ ካገኘ፣ መቀመጥ እንደሚያዋጣ ይይዛል። ወዲያው ስል በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ማለቴ ነው። ጠዋት ጫማ ያኘከን ውሻ ማታ ከሥራ ተመልሶ የሚገርፍ ሰው፣ ጌታው ሲመሽ እንደሚከፋ ነው ያስተማረው። «ጥፋቱን ስላወቀ አንገቱን ደፋ» ይሉኛል። አላወቀም፤ ፈርቶ ነው።

ከሁሉ የከፋው ማጉረምረምን መቅጣት ነው። ማጉረምረም «ራቅ በልልኝ» ማለት ነው። ስላጉረመረመ የተመታ ውሻ ፍርሃቱ አይለቀውም፤ የሚተወው ማስጠንቀቁን ነው። ከዚያ «ድንገት ነከሰ» ይባልና ሰውየው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ውሻው ወደ እኔ ይመጣል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከተፈናቀሉት መካከል አክስቱ ዘንድ የተጠጋ አንድ ልጅ ነበር። በር ሲዘጋ ይደነግጣል፣ ትንሽ ነገር ያስቆጣዋል፣ ቤት ውስጥ ቃል አይወጣውም። እንዲያሠለጥን የሰጠሁት ቦቢ የሚባል ቡላ ውሻ ነበር፤ እሱም ከፍ ያለ እጅ ባየ ቁጥር መሬት ላይ ይለጠፋል። ልጁ ሲጮኽ ውሻው ይሸሻል፤ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጎኑን ሰጥቶ ሲቀመጥ ውሻው ይቀርባል። ስለ ቁጣ ምንም አልመከርኩትም። ከወራት በኋላ ለታናናሾቹ «እጅህን አታንሳበት፣ ዓይን ዓይኑን አትየው» እያለ ሲያስረዳ ሰማሁት።

አክስቱ «ውሻው ፈወሰልኝ» ይላሉ። እትዬ፣ አልፈወሰውም፤ እንቅልፉ ዛሬም ይቆራረጣል። የረዳው እጁንና ድምፁን መግዛት እንደሚችል በዓይኑ ያየበት ሥራ ማግኘቱ ነው። በዱላ ቢያሠለጥን ኖሮ የሚማረው ቀድሞም የሚያውቀውን ነበር፤ ጉልበት ያለው እንደሚያሸንፍ።

እንግዲህ ማሠልጠን የምትፈልጉ፣ በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አትለፉ። ውሻው ከመሰልቸቱ በፊት አቁሙ። አንድ ትእዛዝ አንድ ቃል ይሁን፤ ዛሬ «ና»፣ ነገ «ወዲህ በል» አትበሉት። በጾም ሥጋ ቤት የማይገባ ሰው የተቀቀለ ድንች ወይም ዳቦ በጥቃቅኑ ቆርጦ ይያዝ፤ ውሻ አይጾምም፣ ግን አያማርጥም። የወጥ ትርፍ ግን አደራ! ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም።

«ሚጥሚጣ ቢበላ፣ ጆሮው ቢቆረጥ ኃይለኛ ይሆናል»

ሆዱ ይቃጠላል፣ ጆሮው ይቆስላል። ሌላ ምንም አይሆንም።

«ጅራቱን ከቆላ ወዳጅ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። ጅራቱን አቁሞ፣ ሰውነቱን አድርቆ በትንሹ የሚያንቀጠቅጥ ውሻ ሊናከስም ይችላል።

«ይህ የፈረንጅ ቅብጠት ነው»

የመጣውስ ከዚያ ነው፤ አልክድም። ቦሪስ ሌቪንሰን የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ለማንም የማይከፈት አንድ ልጅ ጂንግልስ ከተባለው የባለሙያው ውሻ ጋር ሲሆን ዘና እንደሚል አስተውሎ፣ ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ1962 ጽፎ አሳተመ። ያኔ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ አሾፉበት። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 249 ተማሪዎችን አጥንተው፣ ውሻና ድመት ለ10 ደቂቃ የዳበሱት ተማሪዎች በምራቃቸው ውስጥ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ዝቅ ማለቱን አሳይተዋል። ቅብጠት የሚሆነው ውድ ዝርያ ካልገዛን ስንል ነው። ቡላው ቦቢ የተገኘው ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ ነው።

«ሙስሊም ቤት ይህ ነገር አይሞከርም»

ወሎ ውስጥ ይህን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩኝ ደግሞ ክርስቲያኖች ናቸው! እኔ ሼህ አይደለሁም። ይሁንና በሱረቱል ማኢዳ 4ኛው አንቀጽ የሠለጠነ የአደን እንስሳ ለጌታው ይዞ ያቆየውን መብላት መፈቀዱን ሼሆቹ ራሳቸው ያስረዱናል፤ ማሠልጠንን የሚጠቅሰው ቁርኣኑ ነው። ከእስልምና የሕግ መንገዶች (መዝሃቦች) አንዱ የሆነው ሻፊዒ ውሻን ነጃሳ፣ ማለትም የሚያረክስ፣ ይላል፤ እርጥቡ የነካው ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። የማሊኪ መዝሃብ ደግሞ ንጹሕ ነው ይላል። አንድ አባት ልጃቸው እንዲሠለጥን የፈቀዱት እንዲህ ተስማምተን ነው፦ ልጁ የሥልጠና ልብሱን እኛ ዘንድ ያስቀምጣል፣ ምግቡን መሬት ላይ ይጥላል እንጂ ከእጁ አያስልስም፣ ውሻው ቤታቸው አይገባም። «አብሽር» ብለው ሸኙት። የማይፈልገውን ደግሞ ማንም አያስገድድም፤ ውሻ የሚፈራ ልጅንም እንዲሁ።

«የዋህ ውሻ ሁሉ ለዚህ ይሆናል»

አይሆንም። ብዙ ጊዜ የዋህ የሚሉት የፈራና የፈዘዘ ውሻ ነው። ወደ ተጨነቀ ወጣት የሚቀርብ ውሻ ራሱ ሰው ፈልጎ የሚመጣ፣ ዕቃ ሲወድቅ ደንግጦ ቶሎ የሚረጋጋ፣ ጤናው የተመረመረ መሆን አለበት። ቡችላ ዓለምን በቀላሉ የሚለምደው በግምት ከ3 እስከ 14 ሳምንት ዕድሜው ነው፤ በዚያ ጊዜ በሰንሰለት ታስሮ ያደገን ውሻ አምጥታችሁ «ልጆቹን ያጫውትልን» አትበሉኝ። ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ካዛጋ፣ ፊቱን ካዞረ በቃኝ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ አሠልጣኙ ያወጣዋል፤ ልጆቹ ቢያለቅሱም።

«ውሻ ካለ ሐኪም ምን ያደርጋል?»

ይህን ለሚሉ ወላጆች ትዕግሥት የለኝም። ልጃችሁ መብላት ካቆመ፣ ስለ መሞት ካወራ ወይም ራሱን ከጎዳ ውሻ ፍለጋ ወደ እኔ አትምጡ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዱት። ውሻ ከሐኪም ጎን የሚቆም ረዳት ነው።

«የእብድ ውሻ በሽታ የሚይዘው አረፋ የደፈቀ ውሻ ሲነክስ ብቻ ነው»

ቫይረሱ ምልክት ከመታየቱ ከቀናት በፊት ጀምሮ በምራቁ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ በዓለም ላይ በሽታው ሰውን ከሚይዝባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው። የተነከሰ ልጅ ቁስሉ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት ይጀምር። ጸበሉንም ዱዓውንም ማንም አልከለከለም፤ ክትባቱ ግን ይቅደም፣ ሥራ ሥሩ ደግሞ ቁስሉ ላይ አይደረግ። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዓመት በኋላ ይደገምለታል፣ የሆድ ትል መድኃኒትም ይሰጠዋል። የክትባት ወረቀት የሌለው ውሻ እኔ ዘንድ ሥልጠና አይጀምርም፤ ባለቤቱ ማንም ይሁን።