ሬዚደንሲ ምንድን ነው?

ጎንደር ላይ «ባሕር» ሲባል ቶሎ የሚታየን ጣና ነው፤ ካልሆነም በጥምቀት ወጣቱ ዘሎ የሚገባበት የፋሲል ባሕረ ጥምቀት። አንድ ሠዓሊ ወዳጄ «ባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ለሬዚደንሲ ጠራችኝ» ሲለኝ፣ «ባሕር ዳር ነው?» ያልኩት ለዚያ ነው። ሳቀብኝ። ውቅያኖስ ነው የሚሄደው።

ሬዚደንሲ ማለት ሠዓሊ፣ ቀራፂ ወይም ደራሲ ከቤቱ ርቆ፣ ለተወሰነ ጊዜ ሌላ ቦታ ተቀምጦ የሚሠራበት ዕድል ነው። ጋባዡ ብዙ ጊዜ ማደሪያና ስቱዲዮ ይሰጣል። የኪስ ገንዘብ የሚጨምርም አለ። በተቃራኒው ሠዓሊውን የሚያስከፍልም አለ፤ ማመልከቻ ከመሙላት በፊት ይቺን ማጣራት ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ወጣት ሠዓሊዎች ሮም ተቀምጠው የሚማሩበትን አካዳሚ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1666 ነው። ያኔ እኛ ዘንድ አፄ ፋሲል ገና በሕይወት ነበሩ።

ግን መቀመጥ ለምን ያስፈልጋል? ፎቶ አይበቃም?

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ሴንት አይቭስ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። በ1877 ባቡር ከገባላት በኋላ ሠዓሊዎች ይጎርፉባት ጀመር። ፖርትሚር የሚባሉት ስቱዲዮዎቿ ዛሬም አሉ፤ ፎቁ ላይ ሠዓሊ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ መረብ። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጨረቃን ስለሚከተል ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ደረቅ አሸዋ የነበረው ቦታ፣ በሳምንቱ በዚያው ሰዓት ውኃ ነው። ፎቶ አንስቶ የሚመለስ ሰው ይሄን ከየት ያገኘዋል? ለኔ አሥር ቀን የማይሞላ ሬዚደንሲ ጉብኝት ነው።

በርግጥ ሳያዩም መሣል ይቻላል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ፈርዖንን ከነሠራዊቱ ቀይ ባሕር ውስጥ ሲያሰጥሙ ኖረዋል፤ ብዙዎቹ ከደጋ ወርደው ባሕር ያዩ አይመስለኝም። ሥዕሉ ግን ያምራል። እነሱ የሣሉት ታሪኩን ነው፤ ወዳጄ የሚፈልገው ውኃውን ነው።

ጎንደርም እንግዳ ሠዓሊ አስቀምጣለች። የቦሎኛው ሉዊጂ ባሉጋኒ ከስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጋር በምጽዋ ገብቶ በ1770 እዚህ ደረሰ። ሬዚደንሲ ብሎ የጠራው የለም፤ ሥራው ግን ያው ነበር። ኮሶን ጨምሮ የአገሩን ዕፅዋት ቅጠል በቅጠል ሣለ። ወደ ባሕሩ አልተመለሰም፤ ጎንደር ላይ አረፈ።

ለወዳጄ የተሰጠው ስድስት ሳምንት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ብሩሽ ሳይነካ ዝም ብሎ እንዲያይ መክሬዋለሁ። ዋና አይችልም። በጥምቀትም ዳር ቆሞ መረጨት ነው የሚወደው።