አሜሪካ ለምታስተምሩ፦ የመንገዱ ወጪ ከታክስ ይቀነሳል?

ታክስ የሚሞላበት ወቅት ሲደርስ አሜሪካ በሚያስተምሩ አበሾች መሀል «ለሥራ የነዳሁትን አስቀንሳለሁ» የሚል ወሬ ይዞራል። በ2025 ገቢ ላይ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) እውነታው ይሄ ነው።

«ከቤት ትምህርት ቤት የምነዳው ይቀነሳል»

አይቀነስም። የኋላ ወንበሩ የሚታረም ፈተና ቢሞላበትም ለአይ አር ኤስ (ለአሜሪካ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ይህ የግል ጉዞ ነው።

«በቀን ሁለት ትምህርት ቤት ስለማስተምር የመካከሉ መንገድስ?»

ይሄኛው ድሮ ያስኬድ ነበር። ከ2018 ጀምሮ ግን ደብልዩ ቱ (አሠሪ ለተቀጣሪ የሚሰጠውን ዓመታዊ የደመወዝ ወረቀት) የሚቀበል አስተማሪ ይህን ከፌዴራል ታክስ ማስቀነስ አይችልም። በ2026 ይመለሳል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በ2025 የወጣው ሕግ ክልከላውን ጭራሽ ቋሚ አደረገው። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክና ፔንሲልቫኒያ በስቴት ታክስ ላይ አሁንም እንደየሁኔታው ይፈቅዳሉ።

ታክስ ከሚሞላላችሁ ባለሙያ ይልቅ ዲስትሪክቱን (ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረውን ቀጣሪያችሁን) መጠየቅ ያዋጣል። የማይል ክፍያ ካለው፣ የአይ አር ኤስ የ2025 ተመን በማይል 70 ሳንቲም ነው። በዚህ ተመን ከከፈለና በሁለቱ ትምህርት ቤቶች መካከል 8 ማይል ካለ በቀን 5.60፣ በ100 የሥራ ቀን 560 ዶላር፤ ያውም ታክስ የማይነካው። ቀኑን፣ ከየት ወዴት፣ ለምን እንደሆነና ማይሉን ግን በየጊዜው መመዝገብ ግድ ነው። ያለ መዝገብ በየወሩ የሚሰጥ ቁርጥ አበል እንደ ደመወዝ ታክስ ይቆረጥበታል።

«ለአስተማሪ የተፈቀደችው የ300 ዶላር ተቀናሽ ቤንዚንም ትሸፍናለች»

መጻሕፍት፣ የክፍል ቁሳቁስ፣ የሙያ ማሻሻያ ኮርስ ትሸፍናለች። ቤንዚን የለበትም። ደግሞ 300 ዶላር እጅ ላይ አይገባም፤ ከገቢ ላይ ነው የሚቀነሰው። የ12 በመቶ ከፋይ የሚተርፈው 36 ዶላር ነው።

«ታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ ላሊበላ መሄዴ ትምህርት ነው»

ቆንጆ ሙከራ! ጉዞን ራሱን እንደ ትምህርት ቆጥሮ ማስቀነስን የ1986ቱ የታክስ ሕግ ዘግቶታል። ፓሪስ የምትሄደው የፈረንሳይኛ አስተማሪም አልተረፈችም።

«ቅዳሜ በግል ሳስጠናም ያው ነው»

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በግል የሚያስጠና ሰው ለዚያ ገቢ ተቀጣሪ አይደለም፤ ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚገለጽበትን ቅጽ) ይሞላል። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ተማሪው ቤት፣ ወይም ከአንዱ ተማሪ ወደ ሌላው የተነዳው በ70 ሳንቲም ይቀነሳል። ከራስ ቤት ወደ መጀመሪያው ተማሪ የሚነዳው፣ ሕጉ የሚቀበለው የቤት ቢሮ ከሌለ፣ አይቆጠርም። የተጣራው ትርፍ 400 ዶላር ከደረሰ 15.3 በመቶ የግል ሥራ ታክስ ይመጣል፤ በደንብ የተመዘገበ ማይል እሱንም ያሳንሳል።