«ብላክአውት» ምንድን ነው? ቻናሉማ አልተዘጋም

«ቻናሉን ዘጉት።» ይህቺን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አሜሪካ ውስጥ የቴሌቪዥን ጣቢያና የኬብል ድርጅት በተጣሉ ቁጥር ትመጣለች። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰውዬ ቲክቶክ ላይ በአማርኛ ሲያስረዳ፣ «ብላክአውት ማለት መንግሥት ሲግናሉን ሲያቋርጥ ነው፤ ቪፒኤን ጫኑና በኢንተርኔት እዩ» አለ። (ቪፒኤን ያላችሁበትን ቦታ የሚደብቅ ፕሮግራም ነው።) በአንድ ትንፋሽ ሦስት ስህተት! ለዓመታት እንጀራዬን የበላሁት በዚሁ ሥራ ነውና ዝም ማለት አቃተኝ።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣበት ይገባኛል። እኛ ጃሚንግን (ሲግናል ማፈንን) በጆሯችን የምናውቅ ሰዎች ነን። በ2010 (በፈረንጅ) መንግሥታቸው የአሜሪካ ድምፅን አማርኛ ስርጭት ለማፈን እየሞከረ መሆኑን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል። ስለዚህ ስርጭት ጠፋ ሲባል አንድ ሰው አፈነው ብለን ማሰብ ይቀናናል። እዚህ ግን የታፈነ ነገር የለም። ሲግናሉ እንደ ወትሮው አየር ላይ ነው። ያለቀው የጣቢያውና የኬብል ድርጅቱ ውል ነው።

የሰፈር ቦኖ አስቡ። ትልልቆቹ የአሜሪካ ጣቢያዎች፣ ኤቢሲ፣ ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲና ፎክስ፣ ቦኖ ናቸው። የሚለቁትን አንቴና ያለው ሁሉ ይቀዳል። (ቦኖም እኮ ሳንቲም ይከፈልበት ነበር ትሉኝ ይሆናል። ማስታወቂያውን እንደ ሳንቲሙ ቁጠሩት።) የኬብል ድርጅቱ ደግሞ ውሃ አመላላሽ ነው። ጀሪካኑን ሞልቶ ደጃችሁ ድረስ ያመጣል፣ ለድካሙም ያስከፍላችኋል። በ1992 የአሜሪካ ኮንግረስ አንድ ሕግ አወጣ። አባትየው ቡሽ አልፈርምም ብለው መለሱት፤ ኮንግረሱ ግን በድምፅ ሻራቸው። በአራት ዓመት ሥልጣናቸው የተሻረባቸው ብቸኛ ቬቶ ይኸው ነው። ሕጉ እያንዳንዱን ጣቢያ በየሦስት ዓመቱ ያስመርጠዋል። ወይ «በነፃ ነው፣ ግን የግድ አስተላልፈኝ» ይላል፤ ወይ «ያለ ፈቃዴ እንዳትቀዳ፣ ፈቃዴን ከፈለግክ እንደራደር» ይላል። ተመልካች ያለው ጣቢያ የትኛውን እንደሚመርጥ መናገር አያስፈልግም። ድርድሩ ሳይሳካ ውሉ ሲያበቃ አመላላሹ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ቦኖው መሄድ አይችልም። ብላክአውት የሚባለው ይህ ነው። ቦኖው አልደረቀም። የእናንተ አመላላሽ ብቻ ተከልክሏል፤ የጎረቤታችሁ አመላላሽ ውል ካለው ጎረቤታችሁ ያያል።

«ታዲያ ኢንተርኔት ላይስ? ድረ ገጹ የራሱ የጣቢያው አይደል?» እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የጣቢያው አፕ ላይ ቀጥታ ስርጭት ለማየት ስትሞክሩ «የቴሌቪዥን አገልግሎት ሰጪህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የኬብል ድርጅታችሁን ትመርጣላችሁ፣ በእሱ አካውንት ሎግኢን ታደርጋላችሁ። በቦኖው ቋንቋ፣ አመላላሹ «የእኔ ደንበኛ ነው» የሚል ካርድ ሰጥቷችሁ ነበር፤ በረኛው ካርዱን አይቶ ያስገባችኋል። ጠብ ሲነሳ ካርዱም አብሮ ይሞታል። የገባችሁ በሌላ በር መስሏችሁ ነበር እንጂ በሩ ያው ነው። ቪፒኤን ደግሞ ያላችሁበትን ቦታ ይቀይራል እንጂ የሞተ ካርድ አያስነሳም።

ለፍትሕ ሲባል ግን በቪፒኤኑ ነገር ሰውዬው ትክክል የሚሆንበት ዘመን ነበር። በኦክቶበር 2010 ፎክስ ኬብልቪዥን ከሚባለው የኬብል ድርጅት ጋር ሲጣላ፣ ኒውዮርክ አካባቢ 3 ሚሊዮን ያህል ቤት ቻናሉን አጣ። ፎክስ በዚህ አላበቃም። የኬብልቪዥንን ኢንተርኔት የሚጠቀሙትን ሁሉ በኢንተርኔት አድራሻቸው ለይቶ ከራሱ ድረ ገጽና «ሁሉ» ላይ ካሉት ፕሮግራሞቹ አገዳቸው («ሁሉ» የድረ ገጹ ስም ነው፣ ቀልድ አይደለም)። ኢንተርኔቱን ከኬብልቪዥን፣ ቴሌቪዥኑን ከሳተላይት ድርጅት የገዛ ሰውስ? እሱም ታገደ፤ በጠቡ ውስጥ እጁ ሳይኖርበት። ጩኸቱ ስለበዛ የ«ሁሉ» እገዳ በሰዓታት ውስጥ ተነሳ። በ2013 ሲቢኤስ ያንኑ በታይም ዋርነር ኬብል ደንበኞች ላይ ደገመው። ከኦገስት 2 እስከ ሴፕቴምበር 2 ድረስ ኒውዮርክ፣ ሎስ አንጀለስና ዳላስ ያሉ ደንበኞቹ ሲቢኤስን በኬብል አላዩም፤ የድርጅቱን ኢንተርኔት የሚጠቀም ሁሉ ደግሞ በየትም ከተማ ይኑር፣ ሙሉ ክፍሎችን ከድረ ገጹ ማየት አልቻለም። የተዘጋው አድራሻ ነበርና ያኔ ቪፒኤን ያዋጣ ነበር። ምክሩ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ ደረሰን።

ሌላም የሚምታታ ነገር አለ። የስፖርት ብላክአውት የሚባለው ፈጽሞ ሌላ ነው። እሱ የሊግ ደንብ ነው፤ ጨዋታው በአካባቢያችሁ ለአንድ ጣቢያ ብቻ ስለተሸጠ በሌላ መንገድ እንዳታዩት የሚከለክል። ያ በቦታ ነው የሚሠራው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ያዝዛሉ።

ቦኖውን ትንሽ ልለጥጠው። የስፖርት ቻናሉ ኢኤስፒኤን ቦኖ አይደለም፤ የግል ጉድጓድ ነው። አየር ላይ የለም፣ ስለዚህ አንቴና ኢኤስፒኤንን አያመጣም። በ2025 የኤቢሲና የኢኤስፒኤን ባለቤት ዲዝኒና ቻናሎችን በኢንተርኔት የሚያመላልሰው ዩቲዩብ ቲቪ ከኦክቶበር 30 እስከ ኖቬምበር 14 ሲጣሉ ሁለቱም አብረው ሄዱ፤ ቦኖው ኤቢሲም፣ ጉድጓዱ ኢኤስፒኤንም። «አንቴና ግዙ» የሚለው ምክር ግማሹን ብቻ ነበር የሚፈታው። (ማንም ባይጠይቀኝም ልጨምር፦ ዩቲዩብ ቲቪ በኤፍሲሲ (በአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ደንብ ኬብል ድርጅት ተብሎ አልተቆጠረም። በቅን ልቦና ተደራደሩ የሚለው ግዴታም አይመለከተውም። ኬብል ቢሆንም እንኳ ኤፍሲሲ «ቻናሉን መልሱ» ብሎ ማዘዝ አይችልም፤ ስለዚህ አቤቱታ ጽፎ መጠበቅ ብዙም አያዋጣም።)

የራሱ የጣቢያው የክፍያ አፕስ? እሱ ይሠራል፤ ባለቤቱ በቀጥታ ይሸጥላችኋላ። ሲቢኤስ በፓራማውንት ፕላስ፣ ኤንቢሲ በፒኮክ፣ ፎክስ ከኦገስት 2025 ጀምሮ በፎክስ ዋን አለ። የኤቢሲ ድራማዎች በማግስቱ «ሁሉ» ላይ ይወጣሉ። ብቻ ፓኬጁን አይታችሁ ግዙ፤ ርካሹ ቀጥታ ስርጭት ላይኖረው ይችላል።

ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት አክስቴ ባንድ እንዲህ ባለ ጠብ ሰሞን ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ኢንተርኔቱ ተበላሸ መሰለኝ።» ራውተሩን ሦስት ጊዜ ነቅለው ሰክተዋል። ስክሪኑ ላይ «ደንበኞቻችን ሆይ፣ ጥፋቱ የእነሱ ነው» የሚል ጽሑፍ ይሽከረከራል፤ እሳቸው ማስታወቂያ መስሏቸው አላነበቡትም። 25 ዶላር የማትሞላ፣ እንደ ወረቀት የሳሳች አንቴና ገዝቼ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ በፕላስተር ለጠፍኳት፣ ስካን አደረግኩ። 4 እና 5 ጥርት ብለው መጡ፣ የሳቸው ቻናል ግን የለም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ዋሽንግተን አካባቢ ቻናል 7 እና 9 የሚለቁት በቪኤችኤፍ (ረዘም ባለው ሞገድ) ነው። ቀጭኖቹ አንቴናዎች ደግሞ በአብዛኛው ለዩኤችኤፍ (አጠር ላለው ሞገድ) የተሠሩ ናቸው። ይህን እያወቅኩ ርካሹን ገዛሁ። በማግስቱ ባለ ሁለት ቀንዱን፣ ያንን የድሮውን ዓይነት ይዤ ተመለስኩ። ቀንዶቹን መዘዝኳቸው፣ እንደገና ስካን። መጣ።

«በነፃ?» አሉኝ።

«በነፃ፣ እቴቴ።»

«እና እስካሁን የምከፍለው ለምንድን ነበር?»

የኬብል ቢላቸውን አስመጣሁና «የብሮድካስት ቲቪ ክፍያ» የምትለዋን፣ ለቦኖው ውሃ የምታስከፍለዋን መስመር አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቧት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ድርጅቶቹ ታረቁ፣ ቻናሉ በኬብል ተመለሰ። አንቴናውን ልነቅል እጄን ስዘረጋ በማማሰያ መቱኝ።