«በአደጋ ላይ ያለ የዓለም ቅርስ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ስለ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲያወራ «ከዓለም ቅርስነት ተሰርዞ ነበር፤ በስንት ልመና በ2009 ዓ.ም. ተመለሰ» አለ። ይህንኑ በሬዲዮም በአስጎብኚ አፍም ስሰማው ኖሬያለሁ። በቅርስ ጥበቃ ሥራ ላይ ላለ ሰው ዝም ብሎ የሚታለፍ ስህተት አይደለም።

ሰሜን ተራሮች አንድ ቀንም አልተሰረዘም። በ1978 (ዓመቶቹን ከዚህ በኋላ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ከላሊበላ ጋር ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። በ1996 በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብም ሰፈረ፤ በ2017 ከዚህ ከሁለተኛው መዝገብ ወጣ። በመካከሉ ያሉትን 21 ዓመታት በሙሉ የዓለም ቅርስ ነበር። እንዲያውም ዋናው መዝገብ ላይ የሌለ ቦታ የአደጋው መዝገብ ላይ ሊሰፍር አይችልም።

የአደጋውን መዝገብ ያቋቋመው የ1972ቱ የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ስምምነት አንቀጽ 11 ነው። እዚያ ላይ ስለ ቅጣት የተጻፈ ነገር የለም። የተጻፈው ከባድና ተለይቶ የታወቀ አደጋ ስላንዣበበባቸው፣ ትልቅ ሥራ ስለሚፈልጉና እርዳታ ስለተጠየቀላቸው ቦታዎች ነው።

ሚኒባስ ታክሲ እናስብ። ዳሽቦርዱ ላይ የዘይት መብራት በራች። ባለንብረቱ ሊያደርግ የሚገባው አቁሞ ዘይት ማየት፣ ካስፈለገም ጋራዥ ማስገባት ነው። የእኛ ተንታኝ ግን መብራቷን ባየ ቁጥር «ታርጋው ተፈታ!» እያለ ይጮኻል። ታርጋ መፍታት ሌላ ሂደት ነው፤ መብራቷ በርታ ታርጋው በቦታው አለ።

«የአደጋው መዝገብ ላይ መስፈር ውርደት ነው» ለሚለውም መልስ አለ። አሜሪካ የኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርኳን በ2010 ወደ አደጋው መዝገብ ያስገባችው ራሷ ጠይቃ ነው፤ ያውም በ2007 ከወጣ በኋላ። የአፍጋኒስታኑ የባሚያን ሸለቆ ደግሞ በ2003 ሁለቱም መዝገቦች ላይ በአንድ ጊዜ ነው የሰፈረው፤ ግዙፎቹ የቡድሃ ሐውልቶች ከፈረሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። መዝገቡ የስረዛ ደጃፍ ቢሆን ኖሮ፣ አዲስ የተመዘገበን ቦታ በዚያው ዕለት ደጃፉ ላይ ማቆም ምን ይባላል?

ሌላው የተሳሳተ ግምት አደጋ ሲባል የግድ ስንጥቅና ፍርስራሽ መኖር አለበት የሚለው ነው። የጀርመኑ የኮሎኝ ካቴድራል በ2004 የአደጋው መዝገብ ላይ ሲሰፍር ሕንፃው አልተነካም ነበር። ጣጣው ከራይን ወንዝ ማዶ ሊገነቡ የታቀዱት ረጃጅም ፎቆች ነበሩ፤ የካቴድራሉን ዕይታ ሊጋርዱ ነው ተባለ። ከተማው የፎቆቹን ከፍታ ሲገድብ በ2006 ወጣ። መብራቷ በራች፣ ዘይት ተጨመረ፣ ጠፋች።

ሁልጊዜ እንዲህ አያልቅም። የድሬስደኑ የኤልብ ሸለቆ በ2006 የአደጋው መዝገብ ላይ ገባ፤ ምክንያቱ ሸለቆውን የሚያቋርጥ ድልድይ ነበር። «በዋሻ አድርጉት» ቢባልም ከተማው ድልድዩን መረጠ፤ ሕዝቡም ቀደም ብሎ ድምፅ ሰጥቶበት ነበር። በ2009 ተሰረዘ። ሊቨርፑል መብራቷ ከ2012 ጀምሮ እየበራ ዘጠኝ ዓመት ነዳች፤ የወደብ ዳሩ ግንባታ ቀጠለ፣ ሞተሩ ነከሰ፣ በ2021 ታርጋው ተፈታ። በኦማን የአረቢያ ኦሪክስ የተባለው የዱር እንስሳ መጠበቂያ ክልል ግን በ2007 የተሰረዘው የአደጋው መዝገብ ላይ ጭራሽ ሳይገባ ነው፤ መንግሥት የክልሉን ስፋት 90 በመቶ ቀንሶት ነበር። ሙሉ በሙሉ የተሰረዙት እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው። «ሙሉ በሙሉ» ያልኩት ስለ ጆርጂያው የባግራቲ ካቴድራል ነው፤ በዘመናዊ ብረትና መስታወት ጭምር እንደ አዲስ ተሠርቶ በ2017 ከቅርሱ ክልል ተቆርጦ ወጣ፣ አብሮት የተመዘገበው የጌላቲ ገዳም ግን ቀረ።

በእርግጥ የሚኒባሱ ምሳሌ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። የታክሲዋ መብራት ዘይት ሲያንስ በራሷ ትበራለች። ይህችኛዋን የሚያበሯት ግን ሌሎች 21 ሾፌሮች ናቸው። ውሳኔው የዩኔስኮ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን የ21 አባል አገሮች ኮሚቴ ነው፤ አገር ደግሞ ይለማመጣል። አውስትራሊያ በ2021 ታላቁ የኮራል ሪፍ መዝገቡ ላይ እንዳይሰፍር አምባሳደሮችን ወስዳ ሪፉ ላይ አስዋኝታለች፤ ውሳኔውም ለሌላ ጊዜ ተራዘመ። በቬኒስም የዩኔስኮ ባለሙያዎች በ2021ም በ2023ም ይግባ ብለው ነበር፣ ኮሚቴው አላስገባም። ዳሽቦርዱ ላይ ፕላስተር መለጠፍ ማለት ይህ ነው። ግን ለጣሊያን ፍትሐዊ ልሁን፤ በ2021 ኮሚቴው ሊሰበሰብ ቀናት ሲቀሩት ግዙፍ የመንገደኛ መርከቦች በከተማዋ መካከል እንዳያልፉ ከልክላለች። መብራቷ ልትበራ ነው የሚለው ወሬ ብቻውን ያን አስደረገ።

የሰሜን ተራሮች መብራት እንዴት እንደጠፋ ስንነግር ደግሞ ሙሉውን እንንገረው። የፓርኩ ወሰን እንደገና ተካለለ፣ ግጦሽ ተቀነሰ፣ ለዋሊያና ለቀይ ቀበሮ ጥበቃው ተጠናከረ፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎችም ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ሄዱ። በእኛ ሙያ ሰው ከቅርስ ቦታ ማስነሳት ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር አላለቀም፤ «በስንት ልመና ተመለሰ» የሚለው ተረት ግን የነዚያን ሰዎች ድርሻ ጭምር ያስረሳል። ከመዝገቡ መውጣትም ጤነኛ ነህ የሚል ወረቀት አይደለም፤ ያኔ የተጻፉት መለኪያዎች ተሟሉ ማለት ብቻ ነው።

በየጊዜው «ሊሰረዝ ነው» የሚባልለት ላሊበላ ደግሞ የአደጋው መዝገብ ላይ ገብቶ አያውቅም። ቤተ ማርያም፣ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ ላይ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከሉት መጠለያዎች «ለጊዜው» ተብለው ነበር። ዝናብ ያንን እሳተ ገሞራ የወለደውን ለስላሳ ድንጋይ ይበላዋል፤ ከመጠለያ በታች ደርቆ መክረሙም የራሱ ጣጣ አለው። ተንታኛችን ስለ ስረዛ ከሚያስፈራራን፣ መጠለያዎቹ መቼና በምን እንደሚተኩ ቢጠይቅ ከአድማጮቹ የመጀመሪያው እኔ ነኝ።